ሳንሄድ የደረስንበት ደሴት

፩

ሰው ከቤቱ ሳይወጣ የሚሄደው ጉዞ አለ፤ ይኸውም የጉዞ ዕቅድ ነው። ስንቅ ሳይቋጠር፣ የመኪና ኪራይ ሳይከፈል፣ ሐሳብ አስቀድሞ ይነሣና መንገዱን ይወርድበታል፤ ከተሞቹን ያልፋል፤ ከውሃው ዳር ይደርሳል፤ የሚያየውን አይቶ፣ የሚረካበትን ረክቶ ይመለሳል። እግር ዘግይቶ ሲከተል የሚፈጽመው ሐሳብ አስቀድሞ የወሰነውን ነው። ከዚህ የተነሣ የመንገደኛን ምግባር ለመመርመር የሚሻ ሰው ምርመራውን ከመናኸሪያ ቢጀምር ዘግይቷል። መጀመር ያለበት ዕቅዱ ከተጻፈበት ወረቀት ነው።

ይህን ለማለት ያነሣሣኝ በቅርቡ በአዳማ ከተማ የገጠመን አንድ ተራ ነገር ነው። በማስተማር ሥራና በአማተር የቴአትር ቡድን የምንተዋወቅ ዘጠኝ ሰዎች በግማሽ ዓመቱ የትምህርት ዕረፍት አብረን አገር ለማየት ተስማማን። የተሰበሰብንበት ክፍል ግድግዳ ላይ ጠርዙ የተበላ አሮጌ ካርታ ተሰቅሏል። ካርታው ከ1985 ዓ.ም. በፊት የታተመ በመሆኑ የቀይ ባሕርን ረጅም ዳርቻ የሚያሳየው በኢትዮጵያ ቀለም ነው። ከመካከላችን አንዱ ሠዓሊ ተነሥቶ ጣቱን ከምጽዋ ፊት ለፊት በተበተኑት ነጠብጣቦች ላይ አሳረፈና፣ «ጉዞ ማለትስ ወደዚህ ነበር» አለ። ሁላችንም ሳቅን። ሳቁ ግን ቶሎ ቆመ።

ጣቱ ያረፈው በዳህላክ ላይ ነበር። እኔ የአንደኛ ደረጃ ተማሪ ሳለሁ የጂኦግራፊ አስተማሪያችን ይህን ስም በጥቁር ሰሌዳ ላይ በትልልቅ ፊደል ይጽፉት ነበር። ከመቶ የሚበልጡ ደሴቶች፣ ሞቃት ባሕር፣ ዕንቁ ፍለጋ የሚጠልቁ ሰዎች! ምጽዋም ራሷ ከየብስ ጋር በድልድይ መንገድ የተያያዘች የደሴት ከተማ መሆኗን የተማርነው ያን ጊዜ ነው። ትምህርቴን ሳልጨርስ ኤርትራ በ1985 ዓ.ም. ነጻ መንግሥት ሆነች። በ1990 ዓ.ም. በሁለቱ አገሮች መካከል ጦርነት ተነሣና መንገዱ ፈጽሞ ተዘጋ። በመስከረም 2011 ዓ.ም. ድንበሩ ተከፍቶ ዘመድ ከዘመድ ሲላቀስ አየን፤ ወራት ሳይቆጠሩ ግን ተመልሶ ተዘጋ። በእኔ ዕድሜ ላለ ሰው ዳህላክ እንደ ልጅነት ጥርስ ነው፤ እንደ ነበረ ያስታውሳል እንጂ ምን ያኝክበት እንደ ነበር አያውቅም።

ነገር ግን ጠለቅ ብለን እንመርምረው። በዚያ ክፍል ውስጥ ዳህላክን የናፈቅን ሰዎች የናፈቅነው ምንን ነበር? ፀሐይን፣ ጥሩ ውሃን፣ ዓሣን፣ ጸጥታን ጠራን። ማን እንደሚኖርበት የጠየቀ አልነበረም። ከእኛ በፊትም የጠየቀ ጥቂት ነው። የኢጣልያ ቅኝ ገዥዎች ከእነዚህ ደሴቶች ኖኩራ የተባለችውን እስር ቤት አደረጓት፤ በደርግ ዘመን ደግሞ የሶቪየት ባሕር ኃይል መደብ ሆነች። በደሴቶቹ የሚኖሩት ዓሣ አጥማጆች የሚናገሩት ዳህሊክ፣ ራሱን የቻለ ቋንቋ መሆኑን የቋንቋ ምሁራን ያስታወቁት በ20ኛው መቶ ዓመት መገባደጃ ላይ ነው። እስር ቤት የሠራውን፣ መርከብ ያቆመውንና ዕረፍት የተመኘውን በአንድ ሚዛን ማስቀመጥ ፍርደ ገምድልነት ነው። የበደላቸው መጠን የትና የት ነው! ሆኖም አንድ የሚያደርጋቸው ነገር አለ፤ ሦስቱም በካርታ ላይ ያዩት ባዶ ቦታ ነበር።

እንግዲህ የዚህ ጽሑፍ ጥያቄ ይህ ነው። አንድን አገር ለማየት ስንነሣ ዕቅዱን የምናወጣው ማንን ጠይቀን ነው? የማየት መብትንስ ከየት አገኘነው?

፪

አዳማ ከባሕር የራቀች የባሕር መንገድ ከተማ ናት። ከጅቡቲ ተነሥቶ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ የገባው የምድር ባቡር በእርሷ በኩል አልፏል። ወደ አሰብ ይወርድ የነበረው የከባድ መኪና መንገድም በእርሷ በኩል ነበር። ዛሬም ከጅቡቲ ኮንቴይነር የጫነ ተሳቢ ሌሊቱን ሙሉ ሲያጓራ ይሰማል። ከከተማዋ በስተምዕራብ ጥቂት ኪሎ ሜትር ርቆ በሞጆ የሚገኘው ሥፍራ ደግሞ ስሙ ራሱ ሰምና ወርቅ ያለው ይመስላል፤ ደረቅ ወደብ ይባላል። የአዳማ ሰው ባሕሩን ሳያይ የባሕሩን ዕቃ ሲያወርድና ሲጭን የኖረ ሰው ነው።

በሁለተኛው ስብሰባችን ከመካከላችን የአንዷ አባት፣ ጡረታ የወጡ የከባድ መኪና ሾፌር፣ የመንገድ ምክር እንዲሰጡን ተጋብዘው መጡ። አሮጌውን ካርታ ትክ ብለው አዩና፣

«አሰብ ሃያ ዓመት ያህል ተመላልሻለሁ» አሉን። «ባሕሩን ግን አላየሁትም።»

እንዴት ሊሆን ይችላል አልናቸው። አስረዱን። በአፋር በረሃ ቀን መንዳት ሞተሩንም ሰውንም ስለሚፈጅ የሚገባው በሌሊት ነው። ሲነጋ ተራ ይያዛል፤ ይጫናል፤ ሾፌሩ ከመኪናው ሥር ጥላ ፈልጎ ይተኛል፤ ሲመሽ ይወጣል። ባሕሩ ከአጥሩና ከመጋዘኑ ወዲያ ነበር። «ሽታውን አውቀዋለሁ» አሉ። ቀጥለውም በበሩ አጠገብ ሻይ ትሸጥ ስለነበረች ሴት ነገሩን። የሦስት ልጆቿን ስም በተራ ጠሩ። ታናሹ ታሞ በነበረ ጊዜ መድኃኒት ከናዝሬት ገዝተው ያደረሱላት እርሳቸው ነበሩ። ለመንገዱ የሚሆን ውሃ በጀሪካን ሞልታ የምትጠብቃቸው እርሷ ነበረች።

«መንገዱ ከተዘጋ ወዲህ ባሕሩ ትዝ ብሎኝ አያውቅም» አሉ በመጨረሻ። «ልጆቿ አድገው ይሆን እያልኩ ግን አስባለሁ።»

ከመካከላችን ብዙ አገር የዞረ ሰው አለ። ዐባይ ፏፏቴን፣ ላሊበላን፣ የሐረርን ግንብ ያየ፣ ፎቶግራፉንም ያስቀመጠ። ነገር ግን በየሄደበት የሦስት ልጆች ስም ይዞ የተመለሰ ማን ነበር? ሾፌሩ አዛውንት አሰብን አላዩም ብንል፣ እኛ አየን የምንለው ነገር ምን እንደ ሆነ እንደገና መጠየቅ ይኖርብናል። እርሳቸው ለማየት አልሄዱም፤ ሥራ ወሰዳቸው። በሥራው መካከል ግን አንድ ሰው ጉዳያቸው ሆነ፤ እርሳቸውም ለዚያ ሰው ጉዳይ ሆኑ። የጉዞ ዕቅዳቸው የጭነት ደረሰኝ ብቻ ነበር፤ ፍሬው ግን ከብዙዎቻችን ጉዞ ይበልጣል።

፫

ዳህላክ ካልሆነ የት እንሂድ? መልሱ ቅርብ ነበር። ከሞጆ ወደ ደቡብ በሚታጠፈው መንገድ፣ መቂን አልፎ፣ ከአዳማ መቶ ኪሎ ሜትር ጥቂት ቢበልጥ ነው፤ የዝዋይ ሐይቅ አለ። በኦሮምኛ ደምበል ይባላል፤ በዳርቻው ያለችው ከተማም የዛሬ ስሟ ባቱ ነው። ስፋቱ ከ400 ካሬ ኪሎ ሜትር ይበልጣል፤ ጥልቀቱ ግን እጅግ ጠለቀ በሚባልበት ሥፍራ 9 ሜትር ገደማ ብቻ ነው። መቂ ከጉራጌ ተራሮች፣ ከታር ከአርሲ ተራሮች ወርደው ይገቡበታል። ቡልቡላ ከእርሱ ወጥቶ ወደ አብያታ ይፈስሳል። በላዩም አምስት ደሴቶች አሉ፤ ቱሉ ጉዶ፣ ጸደቻ፣ ፉንዱሮ፣ ገሊላና ደብረ ሲና።

ስሞቹን ልብ ብሎ ለሚሰማ በእነርሱ ውስጥ ታሪክ አለ። ቱሉ ጉዶ በኦሮምኛ ትልቅ ተራራ ማለት ነው፤ በቤተ ክርስቲያን ሰዎች ዘንድ ደግሞ ያው ደሴት ደብረ ጽዮን ነው። አንዱ ተራራ በሁለት አፍ ይጠራል። የእኛም ከተማ በንጉሠ ነገሥቱ ዘመን በገሊላ አውራጃ ባለችው ከተማ ስም ናዝሬት ተብላ፣ በ1992 ዓ.ም. አዳማ ወደሚለው ስሟ ተመልሳለች። የስምጥ ሸለቆ ነዋሪ ስም ሲለወጥ ማየት አዲስ አይደለም። አዲስ የሚሆንበት፣ ስሙ ሲወጣ እርሱን የጠየቀው ሰው ቢገኝ ነው።

በደሴቶቹ ላይ የኖረው ሕዝብ ዛይ ይባላል። ቋንቋው ከስልጤና ከሐረሪ ቋንቋ ጋር የሚዛመድ ሴማዊ ቋንቋ ነው። በአካባቢው ትውፊት እንደሚነገረው፣ ዮዲት አክሱምን ባጠፋች ጊዜ ካህናት ታቦተ ጽዮንን ይዘው ወደዚህ ሐይቅ ሸሹ፤ ታቦቱም በቱሉ ጉዶ ብዙ ዓመት ተቀመጠ። በ16ኛው መቶ ዓመት በግራኝ አሕመድ ጦርነትና ከዚያ በኋላ በነበረው የሕዝብ እንቅስቃሴ ጊዜ ደሴቶቹ የክርስቲያኖች መጠጊያ ሆኑ። የብራና መጻሕፍት በዚያ ተጠበቁ። ገበሬው መሬት ስለ ጠበበው ተራራውን በእርከን አረሰው። ከጊዜ በኋላም ብዙው ሕዝብ ወደ ሐይቁ ዳርቻ ወጥቶ ሰፈረ።

እንግዲህ ይህን ሁሉ እናውቅ ነበር። አውቀንም የጻፍነው ዕቅድ የሚከተለው ነበር። 12 ሰዓት ከአዳማ መነሣት። 2 ሰዓት ተኩል ባቱ ቁርስ መብላት። 3 ሰዓት ተኩል በሞተር ጀልባ መሳፈር። ቱሉ ጉዶ መውጣት፤ ቤተ ክርስቲያኑን ማየት፤ ብራናውን ማየት፤ ፎቶግራፍ ማንሣት። 7 ሰዓት ዓሣ መብላት። ወፎችን ማየት። 9 ሰዓት መመለስ።

ወረቀቱን ደግሜ ሳነብበው አንድ ነገር ታየኝ። በወረቀቱ ላይ ያለው ግሥ ሁሉ የእኛ ነው። እኛ እንነሣለን፣ እንሳፈራለን፣ እናያለን፣ እንበላለን። ዓሣውን የሚያጠምደው፣ ጀልባውን የሚነዳው፣ ብራናውን ከዕቃ ቤት የሚያወጣው ሰው አንድም ግሥ አልተሰጠውም። ቴአትር ጸሐፊ በመሆኔ ይህን ቶሎ ማወቅ ነበረብኝ። በመድረክ ላይ ቆሞ ምንም የማያደርግ ሰው የመድረኩ ዕቃ ነው እንጂ ገጸ ባሕርይ አይባልም።

ቶሎ ማወቅ ነበረብኝ ያልኩበት ሌላም ምክንያት አለ። ለባልንጀሮቼ ያልነገርኳቸው፣ አሁን ግን ልነግር የሚገባኝ ነው።

ከአሥራ ሁለት ዓመት በፊት ስለ እነዚህ ደሴቶች ባለ ሦስት ገቢር ተውኔት ጽፌ ነበር። ደሴቶቹን ረግጬ አላውቅም። ሐይቁን ያየሁት ወደ ሐዋሳ ስሄድ በአውቶቡስ መስኮት ነበር። ሁለት ሦስት መጻሕፍት አነበብኩ፤ የቀረውን ምናቤ ሞላው። በሦስተኛው ገቢር ልጇ በሐይቁ የሰጠመባት እናት አለች። ዐሥራ ስድስት ስንኝ በቤት መምቻ አስተካክዬ አስለቀስኳት። ተመልካቹ አብሯት አለቀሰ፤ እኔም ኮራሁ። ተውኔቱ ሲያልቅ ዕድሜያቸው ወደ አምሳ የሚጠጋ አንድ መምህር በበሩ አጠገብ ጠበቁኝ።

«ቴአትሩ ጥሩ ነው» አሉኝ። «አንድ ነገር ግን ልጠይቅዎት። ያቺ እናት የምታለቅሰው በምን ቋንቋ ነው?»

«ቴአትሩ አማርኛ ስለሆነ በአማርኛ ነዋ» አልኩ።

«እሱስ ገብቶኛል። የእኛ ሴቶች ልጅ ሲሰጥምባቸው የሚሉት ነገር አላቸው። እሱን ማንን ጠየቁ?»

መልስ አልነበረኝም። ሰውየው ግን አልተቆጡም፤ ይህም ይበልጥ ከበደኝ። «የተደበቀው ሕዝብ ብለው ጽፈዋል» አሉ። «ከማን ነው የተደበቅነው? አባቴ በየሳምንቱ ገበያ ይወጣ ነበር። በኦሮምኛ ይነግዳል፣ በግዕዝ ያስቀድሳል፣ ከእናቴ ጋር በዛይ ቋንቋ ይጣላል። ከባላገሩ ጋር በአበልጅነትም በወዳጅነትም የተሳሰረ ነው። እርስዎ ስላላዩን ተደብቀን ነበር ማለት ነው?» ከዚያም እጄን ጨብጠው፣ «ቤቴ እዚያው ዳር ነው፤ ሲመችዎ ይምጡ» ብለው ሄዱ።

አልሄድኩም። ሥራ በዛብኝ እያልኩ ዓመት ቆጠርኩ። እውነቱን ለመናገር ግን ያገደኝ እፍረት ነው፤ እፍረቱም ከትሕትና የመጣ አልነበረም። ያቺ የኮራሁባት ለቅሶ ሐሰት ሆና እንዳላገኛት ፈርቼ ነው። ይህን ሐይቅ ለመጎብኘት ዕቅድ ሲወጣ እጄን ቀድሜ ያነሣሁትም፣ በዘጠኝ ሰው መካከል ተሸሽጌ፣ ጠዋት ገብቼ ዘጠኝ ሰዓት ለመውጣት ነበር።

፬

ጥያቄውን ለቡድኑ ባቀረብኩ ጊዜ የተነሣው ክርክር ቀላል አልነበረም። ተቃውሞዎቹ ብርቱ ስለነበሩ እንደ ወረዱ አቀርባቸዋለሁ።

ከመካከላችን ወጣቱ የሥነ ዜጋ መምህር፣ «ያገሬን ደሴት ለማየት የማንን ፈቃድ እጠይቃለሁ?» አለ። የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት አንቀጽ 32 በአገር ውስጥ የመዘዋወርን ነጻነት እንደሚሰጥ አስታወሰን። ትክክል ነው። ይህ መብት በቀላሉ የተገኘ ስላልሆነ ማንም ሊሸራርፈው አይገባም። ነገር ግን መንገዱን የሚከፍት ሕግ በዚያው መጠን የሰውን ማጀት አይከፍትም። ፈላስፋው አማኑኤል ካንት እ.ኤ.አ. በ1795 ስለ ዘላቂ ሰላም በጻፈው ድርሰት ይህንኑ ለይቷል። ሰው ሁሉ የምድር ተካፋይ ስለሆነ ወደ ሌላው አገር ሄዶ ራሱን የማስተዋወቅ መብት አለው፤ በእንግድነት ተቀብላችሁ አኑሩኝ የማለት መብት ግን የለውም፤ ይህ በባለቤቱ ፈቃድ የሚገኝ ነው። በዘመኑ የነበሩት የአውሮፓ ነጋዴዎችና መንግሥታት መጎብኘትን ከመውረር ጋር አንድ አድርገው እንደያዙትም ነቅፏል።

የእኛ ባላገር ይህን ያወቀው ካንትን አንብቦ አይደለም። የመሸበት መንገደኛ ከአጥሩ ውጭ ቆሞ፣ «ቤቶች! የመሸብኝ የእግዜር እንግዳ ነኝ» ብሎ ይጣራል። ውሻው እስኪያዝ፣ ባለቤቱ ወጥቶ መልኩን እስኪያይ ይጠብቃል። ባለቤቱ እንግዳን መመለስ ነውር መሆኑን ያውቃል፤ እንግዳውም ሳይጣሩ መግባት ነውር መሆኑን ያውቃል። ቤት ለእንቦሳ ብሎ የሚገባው ከዚህ በኋላ ነው። እንግዳ በመጀመሪያው ቀን ወርቅ፣ በሁለተኛው ብር፣ በሦስተኛው መዳብ ነው ሲባልም የእንግድነት ዋጋ የሚመዘነው በባለቤቱ ሚዛን ነው ማለት ነው። በጀልባ ተሳፍሮ በካሜራ እየተኮሰ ደሴት ላይ የሚወርድ ጎብኚ ያጣው ይህን ጥሪ ነው። ትኬት በመቁረጡ የተጣራ ይመስለዋል።

ሁለተኛው ተቃውሞ ከሒሳብ መምህርቷ መጣ። «ይህ የጠገበ ሰው ጭንቀት ነው» አለች። «ጀልባ ነጂው የሚፈልገው ኪራዩን ነው። አክባሪ ነን ብላችሁ አምስት ሆናችሁ ከምትሄዱ፣ አክብሮት የማያውቁ አምሳ ሰዎች ቢሄዱለት ይመርጣል። የእናንተ ኅሊና ለልጁ ደብተር አይገዛም።» በዚህ አባባል ውስጥ ያለውን እውነት መካድ አይቻልም። ሀብተ ሥላሴ ታፈሰ የአሥራ ሦስት ወር ፀሐይ የሚለውን መፈክር ይዘው የአገራችንን ቱሪዝም ሲመሠርቱ እንግዳ እንጀራ እንደሚያመጣ በትክክል አይተዋል። ክፍያውን ማስቀረት አክብሮት አይሆንም፤ ንፉግነት ነው። ስለዚህ መክፈል ግዴታ ነው። ግን የኪራይ ገንዘብ የጀልባውን ዋጋ ይከፍላል እንጂ ሌላ ዕዳ አይሰርዝም።

ሌላ ዕዳ ስል ምን ማለቴ ነው? በአዳማ ገበያ የሚሸጠውን የመቂ ቲማቲም፣ የባቱ ሽንኩርት፣ ከዝዋይ የወጣ ቆሮሶና አምባዛ እናስብ። የሽንኩርቱና የቲማቲሙ ማሳ የሚጠጣው በብዛት ከዚያው ሐይቅና ከገባሮቹ በፓምፕ የሚሳብ ውሃ ነው። ከ1990ዎቹ መገባደጃ ጀምሮ በባቱ ዳር የተስፋፋው የአበባ እርሻም ጽጌረዳውን ወደ አውሮፓ የሚልከው ከዚሁ ሐይቅ እያጠጣ ነው። በዝዋይ የጎደለ ውሃ በቡልቡላ አይወርድም፤ በቡልቡላ ያልወረደ ውሃ አብያታ አይደርስም። አብያታ ደግሞ ውሃው ለሶዳ አሽ ሥራም ሲቀዳ ስለ ኖረ፣ ባለፉት አሥርት ዓመታት እጅግ ሸሽቷል፤ ጨውነቱ ስለ በረታም ዓሣው ጠፍቷል። በሻላ ሐይቅ ደሴት ላይ የሚፈለፈሉት ፔሊካን የተባሉት ትልልቅ ነጫጭ ወፎች ቀድሞ ከጎረቤታቸው አብያታ ዓሣ ይለቅሙ ነበር። ያ ገበታ ከተነሣ በኋላ ለጫጩቶቻቸው ምግብ ፍለጋ እስከ ዝዋይ ድረስ ለመብረር ተገደዱ። በዕቅዳችን ላይ «ወፎችን ማየት» ብለን የጻፍነው እነዚህን ነው።

እንግዲህ የነገሩ ፍሬ እዚህ ላይ ይገኛል። ወደ ደሴቱ ገና አልሄድንም ብለን የምናስበው በስሕተት ነው። በሽንኩርቱ፣ በቲማቲሙ፣ በዓሣው በኩል በየቀኑ እንደርስበታለን፤ እኔ ደግሞ በተውኔት በኩል ከአሥራ ሁለት ዓመት በፊት ደርሼበት የሰው ለቅሶ ወስጄ ተመልሻለሁ። በአካል የምናደርገው ጉዞ የመጀመሪያው አይደለም፤ ከብዙ ስውር ጉዞዎች በኋላ ፊታችንን የምናሳይበት ነው። ወደማያውቁት አገር የሚሄድ ሰው ዕቅድና ወደ አበዳሪው ቤት የሚሄድ ሰው ዕቅድ አንድ ሊሆኑ አይችሉም። አበዳሪው ዘንድ የሚሄድ ሰው አስቀድሞ ይልካል፤ ቀኑን ያስመርጣል፤ ሲቀመጥ ለመስማት ይቀመጣል።

ሦስተኛው ተቃውሞ የሠዓሊው ነበር፤ እኔን የነካኝም ይኸው ነው። «ያላዩትን መሣል፣ ያልሆኑትን መሆን የኪነ ጥበብ ሥራ ነው» አለ። «እናት ያልሆነ ሰው የእናት ለቅሶ አይጻፍ ከተባለ ቴአትር ቤት ይዘጋ።» እውነት ብሏል። ካንትም ቢሆን ከተወለደበት ከኮኒግስበርግ አካባቢ ሳይርቅ ለብዙ ዓመታት ስለ ዓለም ጂኦግራፊ አስተምሯል፤ ከቤት ሳይወጡ ማሰብ ወንጀል አይደለም። ነገር ግን ምናብ የሚያስፈልገው መጠየቅ የሚቻለው ካለቀ በኋላ ነው። የሞተን ሰው፣ የጠፋን ዘመን ልንጠይቀው ስለማንችል እናስበዋለን። ባቱ ዳር ተቀምጦ ሻይ የሚጠጣን ሰው ግን ልንጠይቀው እየቻልን ብናስበው፣ ያ ስንፍና ነው። እኔ በድርሰት ነጻነት ስም የተጠቀምኩት የአውቶቡስ ሁለት ሰዓት ለማትረፍ ነበር።

፭

ዕቅዱን እንደገና ጻፍነው። የመጀመሪያው መስመር ሰዓት አልያዘም፤ የያዘው «መላክ» የሚል አንድ ቃል ነው። በጓደኞች በኩል እነዚያን መምህር አፈላልገን መልእክት ላክንላቸው። ጡረታ ወጥተዋል። መልሳቸው ከሁለት ሳምንት በኋላ ደረሰ። በዕረፍታችን ሳምንት አይመችም፤ ሽንኩርት የሚነሣበት ጊዜ ስለሆነ ሰው ሁሉ ማሳ ነው። ከዚያ በኋላ ባለ በአንድ ቅዳሜ እንድንመጣ፣ አድረንም እንድንመለስ ጠየቁ። ብራናው የሚታየው ካህናቱ ከፈቀዱ ብቻ መሆኑን አስታወቁን። በመጨረሻው ላይ፣ «ያንን ቴአትር ይዘው ይምጡ፤ ሴቶቹ ይስሙት» የሚል ለእኔ የተላከ ቃል ነበር።

ይህ መልስ ዋጋ አስከፈለን። ከዕረፍቱ ውጭ መሄድ የማይችሉ አራት ሰዎች ተለዩን። ከዘጠኝ አምስት ቀረን፤ የመኪናው ኪራይ ለየአንዳንዳችን ከበደ። የሒሳብ መምህርቷ ቀርታለች፤ ለጀልባው የምታዋጣውን ድርሻዋን ግን ሰጥታ ነው። ሾፌሩ አዛውንት አብረውን ይመጣሉ። እስከ ዛሬ ውሃ ላይ ተሳፍረው አያውቁም።

አንባቢ ሆይ! ተማሪዎቻችሁን ለትምህርታዊ ጉብኝት የምትወስዱ መምህራን አላችሁ። ለሥራ ወደ ወረዳና ወደ ቀበሌ ወርዳችሁ፣ ሪፖርቱን ከመንገድ በፊት በልባችሁ ጽፋችሁ የምትሄዱ ኃላፊዎች አላችሁ። ያልረገጣችሁትን መንደር በመድረክ ላይ ያቆማችሁ እንደ እኔ ያላችሁ ደራስያን አላችሁ። የሁላችንም ዕቅድ በአንድ ፈተና ሊመዘን ይችላል። በወረቀቱ ላይ ከእኛ ሌላ ግሥ የተሰጠው ሰው አለን? ባለቤቱ «አይመችም» ቢል ዕቅዱ የሚለወጥ ነውን? ሁለቱንም ጥያቄ አይደለም ብለን የምንመልስ ከሆነ የያዝነው የጭነት ደረሰኝ ነው፤ ሾፌሩ አዛውንት ግን በጭነት ደረሰኝም ቢሆን ከእኛ የተሻለ ሠርተውበታል።

ቅዳሜው እየቀረበ ነው። ተውኔቱን ከመሳቢያ አውጥቼ ደግሜ አነበብኩት። የመጀመሪያውንና የሁለተኛውን ገቢር እንዳሉ ይዤ እሄዳለሁ፤ ስሕተታቸውን ይንገሩኝ። በሦስተኛው ገቢር ዐሥራ ስድስቱ ስንኞች የነበሩበትን ገጽ ግን አውጥቼ በቦታው ምንም ያልተጻፈበት ወረቀት አስገብቻለሁ። ሴቶቹ የሚሉትን ቢነግሩኝ፣ እንድጽፈውም ቢፈቅዱልኝ እጽፈዋለሁ። ባይፈቅዱልኝ እናቲቱ በመድረክ ላይ ዝም ብላ ትቀመጣለች።